ባለቤቴ ሰሞን ሲገባ የሚጠፋው ተቀናቃኜ

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው በአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለቀናሁ ነው። መጀመሪያ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ቀናሁ፤ ቀጥሎ ደግሞ ካወቅሁ በኋላ። ማወቅ ቅናትን ያበርዳል የሚል ሰው ካለ በሕይወቱ አንድም ቀን ቀንቶ አያውቅም ማለት ነው።

የምኖረው ጎንደር ነው። ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለቤቴ ቄስ ሞላ ከከተማው ዳር ባለች ትንሽ ደብር ያገለግላል። ደብራችን ትንሽ ስለሆነች ካህናቱ በሁለት ተከፍለው በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ። ተራው የደረሰው ሰሞነኛ ይባላል። ሰሞነኛ ካህን ሳምንቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አይወጣም፤ የሚያድረውም እዚያው ነው፤ ስልኩንም ይዘጋል። ስለዚህ የእኔ ቤት አንድ ሳምንት ባል አለበት፣ አንድ ሳምንት የለበትም። አብረውኝ የሚያስተምሩት "አንቺ እኮ ባል ያለሽ በተራ ነው" እያሉ ይቀልዱብኛል።

ቄስ ሞላ ሰሞን ሲገባ እኔ ልብወለድ አነባለሁ። የማነበው ደግሞ ግድያ ያለበትን ነው። ግን ደም የሚንዠቀዠቅበትን፣ እንቅልፍ የሚነሳውን አይደለም። አንድ ትንሽ ከተማ አለ፣ ሁሉም ይተዋወቃል፤ አንድ ሰው ይሞታል፤ ከዚያ አንዲት ነገር ፈላጊ ሴትዮ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች፣ ሻይ እየጠጣች፣ ሰው እያናገረች ገዳዩን ትደርስበታለች። መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል። ሠላሳ አራት ሕፃናት ሲጮሁብኝ ውዬ ስመጣ እንደዚህ ያለ መጽሐፍ ያሳርፈኛል።

ባለቤቴ ማንበቤን ተቃውሞ አያውቅም። ሽፋኑን አየት ያደርግና "ዛሬስ ማን ሞተ?" ብሎ ይቀልዳል። መልሴን ግን አይጠብቅም፤ የራሱን መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማን እንደሞተ እነግረው ነበር። "እህ" ይላል። "እህ" ለሚል ሰው ደግሞ ታሪክ አይነገርም። እያደር እሱ ቤት ሲሆን መጽሐፉን ማውጣት ተውኩ።

የማወራው ሰው ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን የሚወዱ ሰዎች የሚሰባሰቡበት አንድ ቡድን አለ። ከየአገሩ ያለ ሰው ያነበበውን ይጽፋል፣ ይከራከራል፣ ይሳደባል ማለት ይቻላል። እዚያ ስሜ "ፍንጭ" ነው። ማን እንደሆንኩ ማንም አያውቅም። ትምህርት ቤት "ቲቸር" ነኝ፤ ሰፈር ውስጥ "የቄስ ሞላ ባለቤት" ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ለገባው ልጄ "እማ" ነኝ። እዚያ ግን ባነበብኩትና በጻፍኩት ብቻ የምታወቅ ፍንጭ ነኝ። የቡድኑ አስተዳዳሪ ከየሳምንቱ አስተያየት የወደደውን አንዱን መርጦ ከላይ ይሰቅለዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው የእኔ ነበር። በእረፍት ሰዓት ስልኬን ከፍቼ አየዋለሁ። ሁለተኛው ደወል ከመደወሉ በፊት ደግሜ አየዋለሁ።

ከዚያ "የኮሶዬ ጉም" የሚባል ሰው መጣ።

ያን ሰሞን ሁላችንም አንድ መጽሐፍ ላይ ነበርን። አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ሰው ሞቶ ይገኛል፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። እኔ ረጅም አስተያየት ጻፍኩ። ደራሲው የቁልፉን ነገር እስከ መጨረሻ ደብቆ አታሎናል፣ ይህ ደግሞ አንባቢን መናቅ ነው አልኩ። ብዙ ሰው "እውነት ነው" አለኝ፤ ከላይም ተሰቀለልኝ። ሳምንት ሳይሞላው የኮሶዬ ጉም እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ፍንጭ ደራሲው ደብቆናል ይላሉ። አልደበቀንም። ቁልፉ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እኛ ዓይናችን ዳቦው ላይ ስለነበር አልፈነው ሄድን።"

ቀጥሎም ስለ ዳቦ ጋጋሪዋ አለ። "ጋጋሪዋ ለምን ዝም አለች? አንድም ስለፈራች ነው። አንድም ስለምትወደው ነው። አንድም ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ ነው።"

ሮጬ ሄጄ መጽሐፉን ገለጥኩት። ቁልፉ ምስማሩ ላይ አለ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ፊቴ ጋለ። የኔ ጽሑፍ ወረደና የእሱ ተሰቀለ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሌ እንደዚያ ሆነ። እኔ እክባለሁ፣ እሱ መጥቶ ይንደዋል። ሲንደውም አይሳደብም፤ በጨዋ አነጋገር ነው የሚንደው። ይህ የበለጠ ያናድዳል። ሰው ሁሉ "ጉም ምን ይላል?" ማለት ጀመረ። እኔ የጻፍኩት ሥር እንኳ "ጉም እስኪመጣ እንጠብቅ" ብሎ የሚጽፍ ተገኘ። በባዶ ቤት ለብቻዬ ጥርሴን አፋጨሁ። አንድ ቀን የአንዲትን ገጸ ባሕርይ ስም ከሌላዋ አምታቶ ሲጽፍ አገኘሁትና ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ተማሪዎቼን እንኳ ቶሎ ለቀቅኳቸው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጽሑፎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ መልሼ አነበብኩ። እውነቱን ልናገር፣ ስህተት ፍለጋ ነበር። ስህተቱን ሳላገኝ ሌላ ነገር አየሁ። ጉም አንድ ሳምንት በየቀኑ ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ድምፁ አይሰማም። እንደገና አንድ ሳምንት ይጽፋል፤ እንደገና ይጠፋል። እሱ የጠፋባቸውን ሳምንታት የሞላኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

እኔ መቼ እንደምጽፍ አውቃለሁ። የምጽፈው ባለቤቴ ሰሞን ሲገባ ነው። ስለዚህ ጉም የሚጠፋው ባለቤቴ ሰሞነኛ ሲሆን ነው። የሚመጣው ባለቤቴ ቤት ሲመለስ ነው።

ወደ ላይ ተመልሼ ቀኖቹን እንደገና ቆጠርኩ።

ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከታትሎ መጣ። ቄስ ሞላ የተወለደው ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው ኮሶዬ ነው። "አንድም፣ አንድም" እያለ አንድን ነገር ሦስት አራት ጊዜ የሚፈታ ሰው ደግሞ የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ቤት ያለፈ ነው፤ እሱ ደግሞ አልፏል። ሴት እንዲህ ትጽፋለች ብዬ ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰብኩም። ሰሞኑን ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ስልኩን እያየ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። የንስሐ ልጆቹ ስለሚደውሉለት ስልኩን ነክቼ አላውቅም። መጽሐፎቼ ግን መደርደሪያ ላይ ናቸው፤ እኔ ትምህርት ቤት ስውል እሱ ቤት ይሆናል። ምን ቀረ?

ያነበብኳቸው ነገር ፈላጊ ሴትዮዎች ሁሉ እንደሚያደርጉት ወጥመድ አጠመድኩ። በዚያን ጊዜ ቡድኑ የያዘው አዲስ መጽሐፍ ነበር፤ አንዲት ሀብታም መበለት ተመርዛ የምትሞትበት። ራት እየበላን "ገዳዩ ሐኪሙ ነው" አልኩት እንደ ዘበት።

"የቱ ሐኪም?" አለኝ።

"የመጽሐፉ ነዋ።"

"እህ" አለ።

በማግስቱ የኮሶዬ ጉም ጻፈ፦ "ሐኪሙን የጠረጠራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አትቸኩሉ።" ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ቆምኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አሁን ሳስበው፣ መርዝ ባለበት መጽሐፍ ውስጥ ሐኪሙን የማይጠረጥር አንባቢ የለም። ያን ጊዜ ግን ለሌላ ማስረጃ ጆሮ አልነበረኝም።

ከዚያ የሆነውን ለመናገር ትንሽ አፍራለሁ። ቅናቴ በአንድ ቀን ጠፋ። ሰው በባሉ ላይ ሌላ ሴት ስትመጣ ይቀናል እንጂ የገዛ ባሉ ስለበለጠው እንዴት ይቀናል? ያ ሁሉ ሰው የሚያጨበጭብለት ብዕር እኔ ቤት ነው የሚያድረው። ያ "እህ" ብቻ የሚለኝ ሰው ለካ የማነበውን ሁሉ ከሥር ከሥሬ ሲያነብ ኖሯል። በግልጽ ለማውራት ያፈረ መሰለኝ። ሲቀልድብኝ ኖሮ አሁን እንዴት "እኔም ወደድኩት" ይበል?

ባሌን እንደ አዲስ አየሁት። ነጠላውን ራሴ አጠብኩ፤ ጫማው በር ላይ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። አንድ ቀን ቆም ብሎ አየኝና "ምነው ትርንጎ? ምን ፈለግሽ?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት።

"ሰው ሲፈልግ ነው እንዲህ የሚሆን። ግድ የለም ንገሪኝ።"

"ዳቦ ጋጋሪዋን ምን ትላታለህ?" አልኩት ዓይኔን ጥቅስ አድርጌ።

"የትኛዋን? አራዳ ያለችውን? ዳቦዋ አነሰ" አለኝ። ትወናው እንዴት ያምርበታል ብዬ ሳቅኩ። እሱም ስስቅ አይቶ ሳቀ። እንደዚያ አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር።

በዚያው ሳምንት የኮሶዬ ጉም ለአንድ ሰው ሲመልስ እንዲህ አለ፦ "እኔ ይህን ቡድን የተቀላቀልኩት ፍንጭ የሚባሉት አንባቢ ስላሉ ነው። ሲቆጡ ደስ ይሉኛል። ከሳቸው ጋር ስከራከር ነው መጽሐፉ የሚገባኝ።" አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት። እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበረችው አስተማሪ ሰው የሞተብኝ መስሏት ደነገጠች። እኔ ግን ባሌ ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ ስለማያውቅ ነው ያለቀስኩት። ፊት ለፊት መናገር ቢያቅተው በጉም ተሸፍኖ ነገረኝ አልኩ።

እኔም መልስ ልሰጠው ፈለግሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይኼኔ ነው።

አንድ ምሽት ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጦ ጫማውን ቀለም ይቀባል። እኔ ወጥ ቤት ነኝ። በቡድኑ ላይ ሳይሆን በግል፣ ለኮሶዬ ጉም እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ "አውቄብሃለሁ፣ ጉሜ። የምትወደው ቋንጣ ፍርፍር ደርሷል። ቶሎ ና።" ልኬ በሩ ጋ ሄጄ አንገቴን አሰገግሁ። ስልኩ ሲጮህ ፊቱን ለማየት ፈለግሁ።

ስልኩ አልጮኸም። መስኮቱ ሥር ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፤ ብርሃኑ እንኳ ብልጭ አላለም። ባለቤቴ ሁለት እጁ በጥቁር ቀለም እንደተነከረ ጫማውን ይቦርሻል።

የጮኸው የእኔ ስልክ ነው።

"ማን እንደመሰልኩዎት አላውቅም" ይላል መልሱ። "እኔ ባለትዳር ሴት ነኝ። ባለቤቴም ካህን ነው። ዛሬ ሰሞነኛ ሆኖ ነው እንጂ ቤት ቢኖር መልሱን የሚሰጥዎት እሱ ነበር። ሁለተኛ እንዳይለምድዎት።"

አነበብኩት። ባሌን አየሁት። መልሼ አነበብኩት። ቀና ብሎ "ደረሰ እንዴ? ሽታውስ ሸጋ ነው" አለኝ።

ፍርፍሩን አቀረብኩለት። እኔ አልበላሁም። ሆዴን አሞኛል አልኩት።

በዚያች ምሽት ብዙ ነገር አንድ ላይ ነው የመጣብኝ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና የላክሁትን ማሰብ አንገበገበኝ። ከእፍረቱ በላይ ግን ኀዘኑ ባሰኝ። እነዚያን ሳምንታት የኖርኩት ከሌለ ባል ጋር ነው። የማነበውን የሚያነብ፣ ስቆጣ ደስ የምለው፣ በጉም ተሸፍኖ የሚያወራኝ ባል አልነበረም። የነበረው ጫማውን እየቦረሸ ያለው ነው። እሱ ምንም አላጠፋም፤ ምንም አላደረገም። ያዘንኩትም ምንም ስላላደረገ ነው።

ቅናቱም ተመልሶ መጣ፣ አሁን ደግሞ አቅጣጫውን አውቆ። ባለቤቷ ካህን ነው፤ ባለቤቴ ቤት ሲሆን የእሷ ሰሞን ላይ ነው። ስለዚህ የእሷ ባል በሌላኛው ተራ የሚያገለግል የእኛው ደብር ካህን ሳይሆን አይቀርም። እኔ የእኔ ባል ሲሄድ እጽፋለሁ፤ እሷም የእሷ ባል ሲሄድ ትጽፋለች። የሳምንቱን መፈራረቅ በትክክል ቆጥሬ ሰውየውን ብቻ ነው የሳትኩት።

የሌላው ተራ ካህናት ሦስት ናቸው። አንደኛው መነኩሴ ናቸው። ሁለተኛው አዛውንት ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። የቀሩት ቄስ ይርጋ ናቸው። የቄስ ይርጋ ሚስት እናኑ ትባላለች፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ቁመቷ መለል ያለ፣ ነጠላዋ ሁልጊዜ ትናንት ከሸማኔ የወጣ የሚመስል፣ ስትስቅ ድምፅ የማታሰማ ሴት ናት። የኮሶዬ ልጅ መሆኗንም የባለቤቴ አገር ሰው ስለሆነች አውቃለሁ። እውነት ለመናገር መጽሐፍ ሳይመጣ በፊትም በነጠላዋ እቀናባት ነበር።

የደብራችን ወርኃዊ በዓል ሲደርስ የሁለቱም ተራ ካህናት ይገኛሉ፤ እኛ ሚስቶቻቸው ደግሞ ጸበል ጻዲቅ እናቀርባለን። ዳቦ ቆርሰን፣ ጠላ ቀድተን ስንጨርስ እናኑ ከዋርካው ሥር ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ስንት ቀን ያሰብኩት ጠፋብኝ።

"ሐኪሙ ገዳይ እንዳልሆነ መቼ ነው ያወቅሽው?" አልኳት ድንገት።

ዞራ አየችኝ። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"አንቺ ነሽ ፍንጭ?" አለች። "እኔ ደግሞ ስንት ቀን ሙሉ የማነው ባለጌ ስል! ቋንጣ ፍርፍሩስ ተበላ?"

እንዴት እንደሳቀች! በድምፅ ነው የሳቀችው። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ባሌ መስለሽኝ ነው ስላት ደግሞ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተንፈራፈረች። "አንድም" ማለቱን ከየት አመጣሽው ብዬ ጠየቅኳት። አባቷ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። ጉባኤው የሚደረገው ከቤታቸው አጥር ሥር ስለሆነ፣ ጎመን ስትቀጥፍም ልብስ ስታጥብም ትርጓሜውን እየሰማች አድጋለች። "ሴት ልጅ ጉባኤ አትቀመጥ ተብሎ እንጂ ጆሮዬን ማን ይከለክለኛል?" አለችኝ።

ወደድኳት። መውደዴ ደግሞ አናደደኝ።

ትንሽ ላጽናናት፣ በዚያውም ራሴን ላጽናና ብዬ "ያው ቄስ ይርጋ ቤት ሲሆኑማ ማንበቡም መጻፉም አይሆንልሽም፤ እኔም እንደዚያው ነኝ" አልኳት። "ባል ቤት ካለ መቼ ጊዜ ይገኛል?"

ግራ ተጋብታ አየችኝ።

"ኧረ ጊዜስ ሞልቷል" አለች። "እሱ ሲኖርማ የማወራው ለእሱ ነው። ሳምንቱን ያነበብኩትን እተርክለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ይከራከረኛል። ሁልጊዜ ገዳዩን ቀድሞ አወቅሁ ይላል፣ አንድ ቀን አውቆ አያውቅም! እንጀራው እስኪቀዘቅዝ ነው የምንጨቃጨቅ። ያን ጊዜ ስልኩን ማን ያስታውሰዋል? እዚያ ቡድን ላይ የምጽፍ እሱ ሲሄድብኝ ለማን ላውራ ብዬ ነው።"

"ሸጋ ነው" አልኳት ብቻ። ጠላ ልቀዳ ብዬ ተነሣሁ፤ የሚቀዳለት ሰው ግን አልነበረም።

እሷ የምትጽፈው የሚያዳምጣት ሰው ለጊዜው ሲርቅ ነው። እኔ የምጽፈው ጭራሽ ስለሌለኝ ነው። ብዕሯ ከእኔ ለምን እንደሚሻል ያን ጊዜ ገባኝ። በነጠላዋ፣ በቁመቷ፣ በተሰቀለላት ጽሑፍ ሁሉ ቀንቼ ነበር። በቀዘቀዘ እንጀራ እቀናለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከሰዓት ባለቤቴም ቤት ነበር። ስገባ ፊቴን አይቶ "ምነው? ማን አስቀየመሽ?" አለኝ። ነገርኩት። ጉሙን፣ ወጥመዱን፣ ቋንጣ ፍርፍሩን ሁሉ ነገርኩት። እስኪያነባ ሳቀ። "ያን ሁሉ ፍርፍር ለእናኑ ነዋ የሠራሽው!" አለ። እኔ አልሳቅሁም። እሱም ሳቁን ቀስ እያለ ተወው።

"እና እኔ በመሰልኩሽ ጊዜ ደስ ብሎሽ ነበር?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። ሌላ ነገር ብጨምር አለቅስ ነበር።

ከዚያ ቀኝ እግሩን አጥፎ ተቀመጠና "እስቲ አንብቢልኝ" አለኝ።

አመጣሁና አነበብኩለት። ቃል እየዘለልኩ ነው ያነበብኩት፤ ተማሪ ፊት እንኳ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። መበለቷ ሞተች፣ ፖሊሱ መጣ፣ ጎረቤቶቹ ተጠየቁ። እንቅልፍ ወስዶት ይሆን ብዬ ቀና ስል ግንባሩን ቋጥሯል።

"ሴትዮዋ የንስሐ አባት የላትም?" አለኝ።

"እኔ እንጃ። ምነው?"

"ከማን ጋር እንደተጣላች እሱ ያውቃል። ፖሊሱ ለምን እሱን አይጠይቅም?" አለ። ከዚያ ራሱ መልሶ "ቢጠይቀውም አይናገርም" አለ። ዓይኑን ወደ መስኮቱ አደረገ። "ስንቱን ይዞ ይዞራል መሰለሽ። ሰው ሲያዋራው ይህን ከየት ሰማሁት፣ የሚነገር ነው የማይነገር እያለ ይፈራል። በኋላ ስለምንም አለማውራት ይቀለዋል።"

ስለ መጽሐፉ ቄስ እያወራ እንዳልሆነ ገባኝ። በተጋባንባቸው ዓመታት ሁሉ "እህ" ሲለኝ ንቆኝ ይመስለኝ ነበር። እሱም "ቀጥይ እንጂ" አለኝ።

አሁን ዓመት አልፏል። ባለቤቴ ቄስ ይርጋ አልሆነም፤ ብዙ ጊዜ ምዕራፉ ሳያልቅ ያንቀላፋል። ከእናኑ ጋር መጽሐፍ እንዋዋሳለን። በቡድኑ ላይ ዛሬም የምትሰቀለው እሷ ናት፤ ዛሬም ሳያት አንጀቴ እርር ይላል። ጓደኛዬ ስለሆነች ቅናቴ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ አለቀቀኝም።

ባለፈው ሰሞን ግን ባለቤቴ ተራው ደርሶ ሲሄድ ከአንድ መጽሐፍ የመጨረሻው ምዕራፍ ቀርቶን ነበር። በሩ ላይ ቆሞ "እንዳትቀድሚኝ" ብሎኝ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ መጽሐፉን አልገለጥኩትም። ስላልጨረስኩትም በቡድኑ ላይ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ተራው ዞሮ ሲመለስ፣ ራት እንኳ ሳንበላ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ማንበብ ጀመርን። ገዳዩ ሊያዝ ሁለት ገጽ ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። እናኑ ናት፤ ቄስ ይርጋ ሰሞን ገብተውባታል። "ፍንጭ፣ ምነው ጠፋሽ? ሳምንቱን ሙሉ ምንም አልጻፍሽም። ምን ሆነሽ ነው?" ትላለች።

ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እስቲ እሷም ትንሽ ትቅና።